በላም የተተመነ ብስክሌት

ሽማግሌ ይከበራል እንጂ አይናቅም እየተባልኩ ነው ያደግሁት። አክብሬም ነበር፤ እስከዚያ የመፃጉዕ ሰንበት ድረስ። በዚያ ቀን ቁሐር ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያረገዘች የፎገራ ላምና ዶሮ የሚያድርበት ዝገታም ብስክሌት እኩል ናቸው ብለው ፈረዱብኝ። ከሦስቱ አንዳቸውም ብስክሌት ላይ ተቀምጠው አያውቁም። አንደኛው እንዲያውም ከመፍረዳቸው በፊት ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ምን እንደሚቀለብ ጠይቀዋል።

ነገሩ እንዲገባችሁ የዚያን ጊዜውን ባሌን ላስተዋውቃችሁ። ስሙ ቢያድግልኝ ነው። እናቱ ይህን ስም ያወጣችለት ተመኝታ ነበር፤ ቁመቱ አደገላት፣ የቀረው እንዳለ ቀረ። ወረታ ላይ የእህል ደላላ ነበር። የሰው እህል ለሰው ሲያሻሽጥ ይውልና ማታ ቤቱ ገብቶ ስለ ሥልጣኔ ያስተምረኛል። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ወረታም ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፈች የቆርቆሮና የሣር ቤት ነበረች እንጂ ዛሬ የምታውቋት ከተማ አልነበረችም።

አንድ በጋ ላይ ከመንገድ ሠራተኞች ሰፈር አንድ ሰውዬ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲያራግፍ ቢያድግልኝ ብስክሌት አየ። እኔ ጥጃ ሳለች ጀምሬ በእጄ ያሳደግኋትን ጊደር ነድቶ ሄደና ብስክሌት ይዞ ተመለሰ። ሳለቅስ አይቶ "የሠለጠነ ሰው በእግሩ አይሄድም" አለኝ። ከዚያ በኋላ ለጤፍ ንግድ እያለ ወደ ሐሙሲት ይመላለስ ጀመር። የሐሙሲት ጤፍ ጉትቻ እንደምታደርግ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። አንድ ቀን ግን የሠለጠነው ሰው ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ሰንሰለቱን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ አቧራ ለብሶ ከሐሙሲት በእግሩ መጣ። በድንጋይ ቀጠቀጠው፣ ሰደበው፣ ጓሮ ወረወረው። ዶሮዎቹ ወረሱት። ክረምት መጣ፣ ክረምት ሄደ፣ ብስክሌቱ እዚያው ዛገ።

እኔም ከጤፊቱ ጋር መጋራት ሲያንገሸግሸኝ ወደ እናቴ ቤት ወደ ቁሐር ተመለስኩ። የተጋባነው በሰማንያ፣ እኩል ለመካፈል ተፈራርመን ስለሆነ ሽማግሌ ተቀመጠ። እህሉ በቁና ተሰፍሮ ተከፈለ። ከሁለቱ በሬዎች አንድ አንድ ደረሰን። ቀረች ቦራ፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ከፋሲካ በኋላ የምትወልድ ጥቁር ላም። ላም ደግሞ አትገመስም። በእኛ አገር ፈት ሴት ላም ካላት ጎጆ አላት፤ ላም ከሌላት የወንድሟ ሚስት ገረድ ናት። እኔ ደግሞ የወንድሜን ሚስት አውቃታለሁ። ስለዚህ ዓይኔ ቦራ ላይ ነበር።

ቢያድግልኝ ተነሣና ጋቢውን አስተካክሎ ተናገረ።

"አባቶቼ፣ ብስክሌቱ በጊደር የገባ ነው። ያች ጊደር ብትኖር ዛሬ ላም ነበረች። ስለዚህ ብስክሌቱ ላም ነው ማለት ነው። እሷ ያን ላም ትውሰድ፣ እኔ ይችን ላም እወስዳለሁ።"

ይህን የሰማ ሰው ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። ሽማግሌዎቹ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አሉ አንደኛው፤ "በጊደር ከገባ ላም ነው።"

የሽማግሌዎቹ አለቃ የእኛው የንስሐ አባት መምሬ ካሴ ነበሩ። ወደ እሳቸው ዞርኩ።

"መምሬ፣ ያ ነገር እኮ አይሄድም! ዶሮ ነው የሚያድርበት!"

"ቆይ እስቲ ልጄ" አሉኝ። "ቢያድግልኝ፣ አይሄድም ነው የምትለው እሷ።"

"ይሄዳል እንጂ መምሬ! ትንሽ ታሞ ነው።"

"ዛሬ ደግሞ መፃጉዕ ነው" አሉ ምን ይቀለባል ብለው የጠየቁት ሽማግሌ። "የታመመ ይነሣል፣ አልጋውንም ተሸክሞ ይሄዳል።" ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። በኔ ላም ተሳቀ።

በእኛ አገር ሚስት ባሏን "እርስዎ" ትላለች። እኔም እስከዚያች ቀን ቢያድግልኝን "እርስዎ" እለው ነበር፤ የሐሙሲቷን ከሰማሁ በኋላ እንኳ። በዚያች ደቂቃ ግን አፌ ራሱ አወጣው።

"አንተ! ላም ከሆነና የሚሄድ ከሆነ ለምን አንተ አትወስደውም? ቦራን ለኔ ተውና በላምህ ሂድበት!"

ቢያድግልኝ "አንተ" መባሉ አቃጠለው፤ ሲቃጠል ደግሞ የሚናገረውን አያውቅም።

"ቢሄድማ እኔ እወስደው ነበር!" አለ። "ይኸውና በመምሬ ፊት፣ አንቺ ሴትዮ ያን ብረት የምታስኬጂው ከሆነ ብስክሌቱን እኔ ወስጄ ላሟን ላንቺ እተዋለሁ!" ጭኑን እየመታ ሳቀ። ይሄዳል ያለው አሁን እንደነበረ ረስቶታል።

መምሬ ካሴ ግን አልሳቁም። ከጋቢያቸው ውስጥ መስቀላቸውን አውጥተው "ሳመው" አሉት። ማፈግፈግ አልቻለም፣ ሳመ። "የደብረ ዘይት ሰንበት፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ እዚሁ። ብስክሌቱ ከሄደ ላሟ የየሻረግ ናት። ካልሄደ የቢያድግልኝ።" ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከዚያ እስከ ደብረ ዘይት አንድ ሳምንት ነው የነበረኝ።

ብስክሌቱን ከወረታ ቁሐር በአህያ ጭኜ አመጣሁት። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ አሽሟጠጠኝ። የሚጭነውን ትጭነዋለች አሉ። እኔ ስለ ብስክሌት የማውቀው ዶሮዎቹ ከሚያውቁት አይበልጥም ነበር፤ እነሱ ቢያንስ ተኝተውበታል። ከቀጥቃጭ ቤት ጉጠትና መዶሻ ተዋስኩና እናቴ ደጅ አጎዛ አንጥፌ ተቀመጥኩ። የኋላ ጎማውን የያዘውን ብሎን ለመፍታት ረፋዱን ሙሉ ታገልኩ። እጄ ሲላጥ ነው ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ሳጠብቀው እንደዋልኩ የገባኝ።

ሲፈታ ደግሞ ጉድ መጣ። የጎማው መሃል ሽንብራ የሚያህሉ የብረት ፍሬዎች የተሞላ ነበር። እኔ ማን ነግሮኝ! ሳዘነብለው ዘርገፍ ብለው አፈሩ ላይ ተበተኑ። ወንፊት አምጥቼ የደጁን አፈር ስነፋ ዋልኩ። አንዷን ግን የእናቴ ቀይ ዶሮ ፈጥና ለቀመቻት። አሯሯጥኳት፤ ዶሮዋ ግን ውጣ ጨርሳለች። ሁዳዴ ባይሆን በዚያው ቀን ቢላ ታይ ነበር።

በቀሩት ፍሬዎች እቀጥላለሁ አልኩና ቀጠልኩ። ዝገቱን በአመድና በሎሚ ፈተግሁት። ሰንሰለቱን ላምባ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ እናቴ ኩራዝ ሳታበራ ማምሸቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁላትም። የተበጠሰውን የሰንሰለት ዓይን በምስማር አያይዤ ጫፉን በመዶሻ ጠፈጠፍኩት። ከለመዳሪው፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ የትም የማይለጠፍ ብጥስጣሽ ስለሆነ አወጣሁትና ታንኳ የሚሠሩበትን ደንገል እንደ ገመድ ጠምዝዤ ጎማው ውስጥ ጠቀጠቅሁ። አይጥ የበላውን ኮርቻ በበግ ቆዳ አልብሼ በጠፍር ሰፋሁት። ሁሉም ልክ ሲመስለኝ ዘይት ቀረ።

በሁዳዴ ዘይት ማለት ኑግ ነው፤ ሌላ ምን አለ? ብስክሌቱን የሚመረምሩት ካህን፣ ቦታው ደብር፣ ወራቱ ጾም። እናቴ ራሷ ያወጣችውን የኑግ ዘይት ከማሰሮው ቀድቼ የጎማውን መሃል፣ ሰንሰለቱን፣ ፔዳሉን አጠጣሁት። ጎማውን በጣቴ ስነካው ድምፅ ሳያሰማ ዞረ፣ ዞረ፣ አልቆም አለ። ደስ ደስ ብሎኝ ደጅ ፀሐይ ላይ አቆምኩት፤ ጎረቤት እንዲያይ። መጥቶ ያላሽሟጠጠ አልነበረም፤ እኔ ግን ጎማውን እያሽከረከርኩ አፋቸውን አስያዝኳቸው። ማክሰኞ ነበር። ረቡዕና ሐሙስን በኩራት አሳለፍኩ።

ዓርብ ጠዋት ጎማውን ነካሁት። አልዞረም። ገፋሁት፣ ተቸንክሮ ቀረ። ሰንሰለቱ ደረቅ ጅማት ሆኗል። የሜዳችን አቧራ በላዩ ተለጥፎ ልክ እንደ ዶሮዎቹ ጊዜ ጠቁሯል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለብስክሌቱ አይደለም፣ ለቦራ ነው። ገረድ ሆኜ የወንድሜን ሚስት እንስራ ስሸከም ታየኝ። "ከቢያድግልኝ ጋር ኖሬ ኖሬ እኔም ቢያድግልኝ ሆኜ አረፍኩት" አልኩ ለራሴ።

እንባዬን ስጠርግ ጣቴ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ይህን መጣበቅ አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የእናቴን የዘይት ማሰሮ ያጠብኩ እኔ ነኝ፤ በማሰሮው አፍ ላይ የፈሰሰው ኑግ ሲደርቅ ሙጫ ሆኖ በድንጋይ ካልሆነ አይለቅም። ዕድሜዬን ሙሉ በጥፍሬ የፋቅሁትን ነገር ነው ወስጄ ብስክሌት ያጠጣሁት! የቅቤውስ ቅል? የቅቤው ቅል አፍ ደርቆ አያውቅም። ክረምት ከበጋ ያሟልጫል።

ተነሣሁና እናቴ ለፋሲካ ያስቀመጠችውን ንጥር ቅቤ ከማጀት አወረድኩ። እናቴ ስታየኝ ደረቷን ደቃች።

"የሹ! በሁዳዴ? እግዚኦ! ምን ልታደርጊ ነው?"

"ብስክሌቱን ልቀባ ነው እምዬ።"

"በቅቤ? በጾም ቀን? በዓርብ?"

"ብረት ክርስትና አልተነሣ እምዬ፤ ምን ብሎ ይጾማል?"

"እጅሽስ? እጅሽ ክርስቲያን አይደለም?"

"በእንዶድ እታጠባለሁ። ቦራ ከሄደች ግን በምን ታጠቢኛለሽ?"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ አላየሁም ለማለት እንዲመቻት ይመስለኛል። እንደገና ፈታሁት። አሁን ብሎኑ ወዴት እንደሚላላ አውቃለሁ፤ ፍሬዎቹንም የተቀበልኩት በሰፌድ ነው፤ ዶሮዋንም አስሬያታለሁ። ሙጫውን በላምባ አጥቤ ቅቤውን ጠቀጠቅሁት። ቅዳሜን ሙሉ ከቤታችን ጀርባ ባለው የግጦሽ ሜዳ ቀሚሴን በመቀነት ሸብ አድርጌ ስወድቅና ስነሣ ዋልኩ። ሲመሽ መሄድ ችያለሁ። መቆም ግን አልቻልኩም፤ ፍሬን የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረውም።

የደብረ ዘይት ሰንበት ቅዳሴ እንደወጣ ዋርካው ሥር ያለፈው ሳምንት እጥፍ ሰው ተሰበሰበ። ቢያድግልኝ ጭራውን እያወዛወዘ፣ ከሁለት መሰሎቹ ጋር መጣ።

"አህያዋስ የታለች? ያለ አህያ እንዴት ይሄዳል?" አለ። መሰሎቹ ሳቁ። እንዲስቁ ነው ይዟቸው የመጣው።

ከዋርካው እስከ መኪና መንገዱ መሬቱ ትንሽ ያዘቀዝቃል። ብስክሌቱን አዞርኩ፣ ወጣሁበት፣ ረገጥሁ። ሄደ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሄደ! አንዳንዷ ሴት እልል አለች፣ አንዳንዷ ነውር ነው ብላ በነጠላዋ ተሸፈነች፤ በነጠላዋ ቀዳዳ ግን ታያለች። መንገዱ ጋ ደርሼ ዞርኩና ወደ ሽማግሌዎቹ መጣሁ። መቆም እንደማልችል ያኔ ትዝ አለኝ። "ገለል በሉ!" ብዬ ጮህኩ። ምን ይቀለባል ያሉት ሽማግሌ በዚያ ዕድሜያቸው እንደዚያ ሲዘሉ አይታችሁ ቢሆን! እኔ በመካከላቸው አልፌ የሰው ጭድ ክምር ውስጥ ገብቼ ቆምኩ።

ራሴን ከጭዱ ሳወጣ ቢያድግልኝ ብስክሌቱን ይዞታል። ዓይኑ በርቷል። ወዲያው ወጣበትና ዋርካውን ዞረ፣ ደግሞ ዞረ። የሐሙሲት መንገድ ሲታየው እኔም አየሁለት። "እንግዲህ ላሟን ውሰጂ!" አለ ከላይ ሆኖ። "ላም ለሴት ነው!" እኔ ምስጋናዬን ገና ሳልጨርስ ግን ወረደ። እጁን አሸተተ። ሰንሰለቱን ነክቶ ደግሞ አሸተተ።

"ቅቤ!" ብሎ ጮኸ። "መምሬ፣ ቅቤ ነው! በሁዳዴ በቅቤ ቀብታዋለች! ይኸ ርኩሰት ነው እንጂ መሄድ አይባልም! ፍርዱ ይፍረስልኝ፣ ላሜ ትመለስልኝ!"

አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ። ይህ ሰው በጾም ሐሙሲት ሲያድር ጾሙ አይፈርስም፤ የብስክሌት ጎማ ቅቤ ሲቀባ ግን ይፈርስበታል። ሽማግሌዎቹ ግን መንሾካሾክ ጀመሩ። "በጾምስ ደግ አልሠራችም" ሲል አንዱን ሰማሁት። በዋርካው ሥር የተሰበሰበውን ሰው ሳይ ቦራ ከእጄ ስትሄድ ታየኝ።

መምሬ ካሴ ተነሥተው መጡ። ጣታቸውን ሰንሰለቱ ላይ አሳረፉ፣ አሸተቱ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

"ቢያድግልኝ" አሉት። "ልትበላው ነው ልትነዳው?"

"ም… ልነዳው ነው እንጂ መምሬ።"

"እንግዲያው ንዳው። መሄዱን አይተናል፣ መስቀሉንም ስመሃል። ላሟ የየሻረግ ናት።" ወደ እኔም ዞሩ። "አንቺ ደግሞ ቅቤ ስለነካሽ ስግደት አለብሽ። ነገ ከኔ ትቀበያለሽ።"

ሰገድኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሰገድኩት ስግደት የለም። ያን ዕለት ለመምሬ ካሴ የነበረኝ ንቀት ግማሹ ወረደ፤ ግማሹን አሁንም ይዤዋለሁ፣ ላምንና ብስክሌትን መጀመሪያ ያስተካከሉ እሳቸውም ነበሩና።

ቢያድግልኝ ግን ሰው ፊት መሸነፍ አይሆንለትም። "እኔ እንኳን የጾም ሰው ነኝ" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ዛሬውኑ ይህን ርኩሰት አጥቤ በኑግ ዘይት ነው የምቀባው።"

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፌን ከፍቻለሁ።

"ኧረ በኑግስ አት…"

"ዝም በይ አንቺ!" አለኝ። "ብስክሌት ልታስተምሪኝ?"

ዝም አልኩ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እሱን ስታዘዝ እንደዚያች ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ቦራን ነድቼ እናቴ ቤት ገባሁ። በዚያው ሰሞን ቢያድግልኝ በኑግ የተቀባ ብስክሌቱን እያብለጨለጨ ወደ ሐሙሲት ሲከንፍ ታየ አሉ። እዚያ ከጤፊቱ ዘንድ ጥቂት ቀን ሰነበተ፤ ብስክሌቱን ደጇ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አቁሞት፣ ሰው እንዲያይለት። በሆሳዕና ሰሞን ቦራን ከመንገዱ ዳር ውሃ ሳጠጣ ከሩቅ አንድ ሰው መጣ። ትከሻው ላይ ብስክሌት አለ። እኔ ጋ ሲደርስ ፊቱን ወደ ማዶ አዞረ፤ ማዶ ደግሞ ምንም አልነበረም፣ የፎገራ ሜዳ ብቻ። ቦራ ቀና ብላ አየችውና መጠጣቷን ቀጠለች።

እናንተ አንባቢዎች እንግዲህ ከዚህ በኋላ ስለ ይቅርታና ስለ ትዕግሥት እንድነግራችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ከሌላ ሰው ጠይቁ። እኔ ያቺ ሳምንት ያስተማረችኝ መናቅን ነው፤ በወጉ መናቅን። ከዚያ በፊት ሽማግሌ ያለውን፣ ባል ያለውን፣ "አንቺ አታውቂበትም" የተባልኩትን ሁሉ ሳልከፍት አከብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ነገር፣ ብረትም ይሁን ሰው፣ መጀመሪያ ፈትቼ ውስጡን አያለሁ። የሚከበር ከሆነ አከብራለሁ። ካልሆነ ግን ያለ ሐሳብ እንቃለሁ፣ እንቅልፌንም እተኛለሁ። ጎጆዬን የሠራሁት በቦራ ወተት ነው፣ ሁለተኛም አንድም ወንድ ጊደሬን ነድቶ አልሄደም።

ቦራ ከፋሲካ በኋላ እንደ እናቷ ግንባሯ ነጭ የሆነች ጥጃ ወለደች። ወተቱ በርክቶ መናጥ ከጀመርኩ በኋላ አንድ ረፋድ ላይ አጥሬ ጋ የሚያስል ሰው ድምፅ ሰማሁ። ቢያድግልኝ ነው። ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደግፎታል። እጁ እስከ ክንዱ ጠቁሯል።

"እንደምን አደርሽ" አለኝ። ጎኑን አከከ፣ ሰማይ አየ። "ያ ነገር… ያ የቀባሽው… ትንሽ ብታገኚልኝ ብዬ ነበር።"

"ጾሙ ተፈታልህ?" አልኩት።

መሬት መሬት አየ። ገባሁና ትኩስ ቅቤ በቅጠል ላይ አደረግሁ፤ ብዙ አይደለም፣ ለአንድ ጎማ የሚበቃ። ከመደርደሪያው ላይም አንዲት ነገር አንሥቼ ቅቤው መሃል ተከልኳት። ለፋሲካ የታረደችው ቀይ ዶሮ ሆድ ዕቃ ውስጥ የተገኘችው የብረት ፍሬ ናት፤ ጠጠር ፈትጓት እንደ ብር ታበራለች።

"ይችም ያንተው ናት" አልኩት። "በሁዳዴ ዶሮ በልታብህ ነበር።"

ቅጠሉን በሁለት እጁ ተቀበለ። ፍሬዋን አየ፣ ቅቤውን አሸተተ። ከጀርባዬ ቦራ ጥጃዋን እየላሰች ነበር።

"የሷ ቅቤ ነው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"የሷ ነው" አልኩት። "በጊደር የገባው ብስክሌት ግን ስንት ይታለባል?"